ሙምባይ ሄዶ ስቱዲዮ ማየት ለሚፈልግ፦ የቱ ይሻላል?

ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ሙምባይ የሚሄድ ሰው ትርፍ ቀን ካገኘ፣ ቦሊውድ የሚሠራበትን ቦታ ማየት ያምረዋል። በህንድ ፊልም ላደገ ሰው አይፈረድበትም። ግን ስቱዲዮ ሁሉ በሩን ከፍቶ የሚጠብቃችሁ እንዳይመስላችሁ።

ባንድራ ያለውን መህቡብ ስቱዲዮን እርሱት። ከ1954 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያለ ስመ ጥር ቦታ ነው፤ ለጎብኚ ግን አይከፈትም። ተዋናይና ዳይሬክተሩ ራጅ ካፑር ያቆመው አር ኬ ስቱዲዮ ደግሞ በ2017 ተቃጥሎ፣ በኋላም ተሽጧል። የቆየ መረጃ ይዛችሁ እንዳትለፉ።

የሚቻለው ጎሬጋዎን ያለው ፊልም ሲቲ ነው። የማሃራሽትራ መንግሥት በ1977 የሠራው፣ ከ200 ሄክታር በላይ የሆነ ግቢ ነው። ደቡብ ሙምባይ ካለው ቸርችጌት ጣቢያ ባቡር ይዛችሁ ጎሬጋዎን ትወርዱና፣ በምሥራቅ በኩል ወጥታችሁ ባጃጅ ትይዛላችሁ። ጠዋት ሰው ሁሉ የሚጎርፈው ወደ ደቡብ ስለሆነ ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር ይሻላል። ደቡብ ሙምባይ ውስጥ ባጃጅ አይገባም፤ እዚያ ያለው ታክሲ ነው።

በሩ ላይ ደርሶ "ልግባ" ማለት አያዋጣም። የሚገባው አስቀድሞ በተያዘ፣ ፈቃድ ባለው የጉብኝት አውቶቡስ ነው። ውስጡ ቤተ መቅደስ፣ ፍርድ ቤት፣ እስር ቤት፣ መንደር፣ ሐይቅ ሳይቀር አለ። ከፊት ግንብ የሚመስለው ነገር ከኋላው ጣውላና ብረት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው እሱን ማየት ነው። ቀረጻ ካለ ግን ያን አካባቢ ከሩቅ ታልፉታላችሁ። የሚቀረጸው ብዙ ጊዜ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። "ከተዋናዩ ሻሩክ ካን ጋር ፎቶ አስነሳችኋለሁ" የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ብራችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። (ግቢው ከሳንጃይ ጋንዲ ብሔራዊ ፓርክ ጋር ስለሚዋሰን ነብር አንዳንዴ ሰተት ብሎ ይገባል። እሱ ክፍያ አይጠይቅም!)

እውነቱን ለመናገር፣ የእኔ ምርጫ ሙምባይ ውስጥ የለም። ሃይደራባድ ያለው ራሞጂ ፊልም ሲቲ ነው። የቦሊውድ ሳይሆን በዋናነት በቴሉጉ ቋንቋ የሚሠሩ ፊልሞች ቤት ነው። በ1996 ተከፈተ፤ ወደ 670 ሄክታር ይጠጋል፤ በጊነስ የዓለም ትልቁ ተብሎ ተመዝግቧል። ትኬት ቆርጦ መግባት ነው፣ የማንንም ደጅ መጥናት የለም። ቀይ አውቶቡስ ያዞራችኋል፤ አውሮፕላን የማያርፍበት ኤርፖርት፣ ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ ታያላችሁ። ግማሹ የልጆች መዝናኛ ነው፣ ጫጫታ አለው። ሚያዝያና ግንቦት ሙቀቱ አይቻልም። ታማሚ ይዛችሁ ከሆነም ተዉት፣ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ከሙምባይ መውጣት ካልቻላችሁ ፔደር ሮድ ያለው የህንድ ሲኒማ ብሔራዊ ሙዚየም አለላችሁ። ሰኞ ዝግ ነው። ከዚያ ሙምባይ ሴንትራል አጠገብ ያለው ማራታ ማንዲር ሲኒማ ቤት ጎራ በሉ፤ በኮሮና ጊዜ ከመቋረጡ በቀር አንድን የፍቅር ፊልም ከ1995 ጀምሮ ሲያሳይ የኖረ ቤት ነው። ተመልካቹ ንግግሩን በቃሉ ስለሚያውቀው ከተዋንያኑ እኩል ይለዋል።

ኮላባ በሚባለው የደቡብ ሙምባይ የቱሪስት ሰፈር አካባቢ "ፊልም ላይ ከኋላ ቁሙልን፣ እንከፍላለን" የሚሉ ሰዎች ለውጭ ዜጋ ይመጣሉ። በቱሪስትም በሕክምናም ቪዛ መሥራት አይፈቀድም፤ ለጥቂት ሩፒ ብላችሁ ጣጣ ውስጥ አትግቡ።