ንግሥቲቱ ሁለት አፍንጫ አላት፤ የአታሚው ስህተት ነው ወይስ በኋላ የደረሰ ጉዳት?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ለብዙ ዓመታት ጠገራ ብር ስሰበስብ ቆይቼ፣ በቅርቡ አጎቴ ከውጭ አገር ሲመለሱ አንድ የእንግሊዝ ስድስት ፔኒ አመጡልኝ። የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ መልክ ከነጽጌረዳው ይታያል፤ በሌላው ገጽ ከጋሻው በላይ 1573 ተጽፏል። ይሁን እንጂ ንግሥቲቱ ሁለት አፍንጫና ሁለት አገጭ አላት፤ ጽሑፉም በአንድ ወገን ከጠርዙ ውጭ ቀርቷል። አንድ አንጥረኛ «በሎሚና በአመድ ላጽዳው» ብለውኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መላሽ፣ ከባሕር ዳር

ከሁሉ በፊት ለአንጥረኛው አይስጡት፤ በአመድ የታሸ ብር የቀድሞ ገጽታው አይመለስለትም።

በዚያ ዘመን ጠፍጣፋው ብር በግንድ ላይ በተተከለ የታችኛው ቅርጽና ሠራተኛው በእጁ በያዘው የላይኛው ቅርጽ መካከል ተቀምጦ በመዶሻ ይመታ ስለ ነበር፣ በሁለት ምት መካከል ብሩ ጥቂት ከተንሸራተተ መልኩ ተደርቦ ይወጣል። ኤሎይ ሜስትሬል የተባለ ፈረንሳዊ ከ1561 ጀምሮ በማሽን ማተም ቢጀምርም ሥራው አልዘለቀም (ሰውየው በኋላ ሐሰተኛ ገንዘብ ሠርቶ በ1578 ተሰቅሏል)። ስለዚህ አፍንጫዎቹን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፦ ሁለቱም ከብሩ ገጽ ከፍ ብለው የወጡ ከሆነ ሥራው የአታሚው ነው፤ ብረቱ ተደፍጥጦ ወደ ውስጥ ከገባ ግን በኋላ የተመታ ነው።

መላሽ፣ ከዳንግላ

ስለ ጠርዙ እኔ ልጨምር። ፊደሎቹ በአንድ ወገን ጠፍተው በተቃራኒው ወገን ሰፊ ባዶ ቦታ ካለ፣ ምቱ ከመሃል ስቷል። ዙሪያውን በሙሉ ከጠፉ ግን ብሩ ተሸርፏል (ብሩን ለመስረቅ ጠርዙ ተቆርጧል) ማለት ነው፤ ሽርፊያ እንግሊዞችን አሮጌው ገንዘብ ቀልጦ እንደገና እስከ ታተመበት እስከ 1696ቱ ታላቅ ዳግም ኅትመት ድረስ ያስቸገረ ወንጀል ነበር። ሙሉ ክብደቱ 3 ግራም ያህል ስለሆነ ሚዛን ይፈርዳል።

ዋጋውን በተመለከተ ግን ብዙ ተስፋ አያድርጉ። በመዶሻ በተሠራ ገንዘብ ላይ ድርብ ምት የተለመደ ስለሆነ አብዛኛው ሰብሳቢ እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። እኔ የምፈልገው፣ ቀደም ሲል የታተመው ብር ከቅርጹ ላይ ሳይነሣ ቀርቶ በቀጣዩ ላይ የራሱን መልክ ገልብጦና ወደ ውስጥ አጎድጉዶ ያተመበትን ነው።

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በወርቅ ሚዛን 2.9 ግራም መዘነ፤ ከአገጩ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝም ባዶና ሰፊ ነው። አፍንጫዎቹ ሁለቱም በጥፍር ሲዳሰሱ ይቆረቁራሉ። ሎሚውን ለሻይ አውየዋለሁ።