ፒአርሲ-77፦ ስኩዌልች ላይ ዝም፣ ኦን ላይ ሽሽታ ብቻ

ጣናዳር (ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ። የአሜሪካውን የጀርባ ሬዲዮ ፒአርሲ-77 ለስብስብ ይዣለሁ። የስም ሰሌዳው አርቲ-841 ይላል፣ ሃንድሴቱም (መናገሪያና ማዳመጫው) አብሮት አለ። የባትሪ ሳጥኑ ባዶ ነው፤ ውስጡ ግን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮበታል። በሞተር ሳይክል ባትሪ ስሞክረው ማዞሪያው ኦን ላይ ሲሆን ሽሽሽ ይላል፣ ስኩዌልች (ሽሽታ ማፈኛው) ላይ ሲሆን ጸጥ። የኤፍኤም ጣቢያ አንድም አይዝም። ሞቷል ወይስ አለ? በባትሪው ቦታ ምን ልተካ? ክረምቱ እየመጣ ነው፣ የሐይቁን ዳር እርጥበት ታውቁታላችሁ፤ አቀማመጡንም ንገሩኝ።

ሞገድ40
አለ እንጂ! እስካሁን የነገርከን ሁሉ የጤነኛ ሬዲዮ ጠባይ ነው።

ስኩዌልች ላይ ድምፁ የሚከፈተው ከላኪው በኩል የ150 ኸርትዝ ቶን (ዝቅ ያለ ቋሚ ድምፅ) አብሮ ሲመጣ ብቻ ነው። ቶኑን የማይልክ ሬዲዮ አጠገብህ ቢያወራ እንኳ ዝም ይላል። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ደህና ሬዲዮ በሙት ዋጋ ተሽጧል። የኤፍኤም ጣቢያዎች ያሉት ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርትዝ ነው፤ ያንተ ሬዲዮ ከ30.00 እስከ 75.95 በ50 ኪሎኸርትዝ እርምጃ፣ በጠቅላላው 920 ቻናል ነው የሚይዘው። ስለዚህ ጣቢያ አትጠብቅበት።

መቀበሉን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግህም። ፖሊ የሚማር ልጅ ካወቅህ አርዱኢኖ (ለመማሪያ የሚውል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) አያጣም። ባለ 16 ሜጋኸርትዝ ክሪስታሉ ሰሌዳ ሲበራ በ32፣ በ48 እና በ64 ላይ ድርቡን (የ16 ብዜት የሆነ ደካማ ሞገድ) ይረጫል። ሬዲዮውን ኦን ላይ አድርገህ 48.00 ላይ አቁመው፣ ሰሌዳውን ወደ አንቴናው አስጠጋ። ሽሽታው ጭጭ ካለ ተቀባዩ ይሠራል። ሰሌዳው ላይ ያለው ክሪስታል ሳይሆን ሴራሚክ ሬዞኔተር (እንደ ክሪስታል ልኩን የማይጠብቅ ምትክ) ከሆነ ግን ከ48.00 ሊሸሽ ስለሚችል ግራና ቀኝ ያሉትን ቻናሎችም አዳርስ።

ባትሪ፦ የድሮው የማግኒዥየም ባትሪ 15 ቮልት ገደማ ነበር። በትልቁ የባትሪ ድንጋይ ከሄድክ 10 ፍሬ በተከታታይ 15 ቮልት ይሰጥሃል። በሚሞላ ኒኬል ከሆነ 12 ፍሬ፣ 14.4 ቮልት። አራት የሊቲየም ድንጋይ ግን አትደርድርበት፤ ሙሉ ሲሆኑ 16.8 ይደርሳሉ፣ ይበዛል። ከባትሪው አጠገብ የ2 አምፔር ፊውዝና አንድ 1ኤን5822 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) በተከታታይ አስገባ። ፕላስና ማይነስ የተገለበጠ ቀን ዳዮዱ ነው የሚያድንህ። መቀበል ላይ ከ100 ሚሊአምፔር በላይ ከጎተተ አጥፋውና ምክንያቱን ፈልግ። የሶኬቱን ፒኖች በግምት አትንካ፤ ቲኤም 11-5820-667-12 የተባለው መመሪያ አለ።

ዱቄቱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፤ ሽፋኑን ልጠህ ለዝገት ታጋልጠዋለህ። የአልካላይን ድንጋይ ፍሳሽ ከሆነ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ፣ የተራው ርካሽ ድንጋይ ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ። የትኛው እንደሆነ ካላወቅህ ከጫፉ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርግ፦ በኮምጣጤ ካልሟሟ በሶዳው ሞክር። ጥጥ በእንጨት ላይ ጠቅልለህ ነው የምትሠራው፤ ሳጥኑን ከሬዲዮው ነጥለህ፣ በመጨረሻ በአልኮል ጥረገው።

ቴስተር
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌሎችም ስለሚያነቡት። የስም ሰሌዳው አርቲ-505 የሚል ከሆነ ፒአርሲ-25 ነው እንጂ 77 አይደለም። መልካቸው መንትያ ነው። 25ቱ በማስተላለፊያው መጨረሻ ላይ አንድ የቫኩም ቱቦ ስላለው ለብቻው የ3 ቮልት መስመር ይፈልጋል፤ ያ ከሌለ ይቀበላል፣ አያስተላልፍም።

ማስተላለፍን በተመለከተ፦ በአንቴና አትሞክር። ፍሪኩዌንሲ ለመጠቀም ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያውም በወታደራዊ ዕቃ። ዕቃው በሕጋዊ መንገድ ከመዝገብ የወጣ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት በእጅህ ከሌለ፣ ስለ ዳዮድና ስለ ሎሚ ከማውራታችን በፊት እሱን ጨርስ። በዚህ ጊዜ በተለይ። አንቴና ነቅሎ ባዶውን የማስተላለፊያ ቁልፍ መጫንም አይሆንም፣ የመጨረሻውን ትራንዚስተር ያስጨንቃል።

ለአቀማመጡ፦ በሸራ ቦርሳው ውስጥ አታስቀምጠው። ሸራ እርጥበት ጠጥቶ ይዞ ይቆያል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይጀምራል። ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ 200 ግራም ያህል ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ ፍሬ) ጨምርና እዚያ አኑረው። ቀለሙ ሲቀየር በምድጃ 120 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት አድርቀህ መልሰው። ሩዝ ይሠራል የሚሉህን አትስማ። በሳጥኑና በሬዲዮው መካከል ያለውን ጓርኒሲዮን ስስ የሲሊኮን ግሪስ ቀባው፤ ከደረቀና ከተሰነጠቀ ግን ቀይረው። ድንጋዮቹን ሁልጊዜ አውጥተህ!

ጣናዳር
ወረቀቱ አለ፣ አመሰግናለሁ። 48.00 ላይ ጭጭ አለ! 32.00 ላይ በጥቂቱ ብቻ ቀነሰ፣ 64.00 ላይ ግን ምንም። የላይኛው ባንድ ተበላሽቶ ይሆን?

ሞገድ40
ገና አትፍረድበት። የሰሌዳው ሞገድ አራት ማዕዘን ስለሆነ ጎዶሎ ድርቦቹ ይበረታሉ፣ ሙሉዎቹ ይደክማሉ። 48 ሦስተኛው ነው፤ 32 ሁለተኛው፣ 64 አራተኛው። ስለዚህ ያየኸው የሚጠበቅ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ሰሌዳዎች ለዩኤስቢው ቺፕ የ12 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል አላቸው፤ የእሱ አምስተኛ ድርብ 60.00 ላይ ይወድቃል። የባንድ ማዞሪያውን 53–75 ላይ አድርግና እዚያ ሞክር፣ ሰሌዳውን ከአንቴናው ጋር አገናኝተህ ማለት ይቻላል። እዚያም ሽሽታው ካልቀነሰ ሬዲዮውን አጥፍተህ የባንድ ማዞሪያውን ሠላሳ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አመላልሰው። ለረጅም ዓመት ሳይነካ የቆየ ማዞሪያ ኮንታክቱ ይጠቁራል፣ መመላለሱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ካልፈታው ነው ሽፋኑን የምንከፍተው።