ጅራቷ በብረት በር የተያዘ ድመት፦ ሐኪም ያስፈልጋታል ወይስ እንጠብቅ?

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ትናንት አመሻሽ ላይ የግቢያችንን የብረት በር ነፋስ ገፍቶ ሲዘጋው የድመታችን ጅራት በበሩና በቋሚው መካከል ተያዘ። እኛ ደርሰን በሩን ከመክፈታችን በፊት ራሷን በኃይል መንጭቃ አወጣችና አልጋ ሥር ገባች። ደም ብዙም አልፈሰሳትም፤ ጫፉ አካባቢ ቆዳው ትንሽ ተልጧል። ዛሬ ጠዋት ወጥታ ጥቂት ወተት ቀምሳለች፤ በአራቱም እግሯ ትራመዳለች። ነገር ግን ጅራቷ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ስንጠራትም እንደ ወትሮዋ አታነሣውም። ጎረቤታችን ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት እንድንነሰንስበት፣ ለሕመሙም ፓራሲታሞል ፈጭተን በወተት እንድንሰጣት መክረውናል። በአቅራቢያችን ያለው የእንስሳት ክሊኒክ በአብዛኛው ላምና በግ የሚያክም በመሆኑ ድመት ይዘን ብንሄድ ይቀበሉን እንደሆነ አላውቅም። ሐኪም የሚያስፈልጋት መሆኑን በምን እንለይ?

መልስ፣ ከለገጣፎ

እግዚአብሔር ይማርላችሁ። እኔ ብሆን ትንሽ እጠብቅ ነበር። የእኛ ድመት ከሌሎች ድመቶች ጋር ተጣልታ ጆሮዋ ተቀድዶ ስትመጣ ለብ ባለ የጨው ውኃ ከማጠብ በቀር ምንም አላደረግንላትም፤ ራሷ እየላሰች ዳነች። የምትበላና የምትራመድ ከሆነች ጅራቱ ቢሰበር እንኳ ጠምሞ ይድናል እንጂ ለሞት የሚያበቃ አይመስለኝም።

መልስ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከቢሾፍቱ

ከሁሉ አስቀድሞ ፓራሲታሞሉን እንዳይሰጧት አደራ እላለሁ። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት እንደ ሰው ጉበት አፍርሶ ማስወገድ ስለማይችል፣ አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጋ ልትገድላት ትችላለች። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንዲሁ አደገኞች ናቸው። የቡና ዱቄቱም ይቅር፤ ቁስሉን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይበቃል።

ከለገጣፎ የጻፉት ወንድማችን ስለ ጆሮ ቁስል ያሉት ለዚያ ጉዳይ ያስኬዳል፤ ምንም እንኳ የድመት ንክሻ ከላይ ደርቆ ከውስጥ መግል ሊቋጥርና ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊያብጥ ቢችልም። የዚህች ድመት ነገር ግን የተለየ ነው። ጅራት በር ውስጥ ተይዞ እንስሳዋ በኃይል ስትጎትተው ጉዳቱ የሚደርሰው በተያዘበት ቦታ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጉተታው ወደ ላይ ወጥቶ ጅራቱ ከአከርካሪው ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ያሉትን ነርቮች ሊወጥር ወይም ሊበጥስ ይችላል። ከእነዚህ ጎን ለጎን የሚያልፉት ነርቮች ደግሞ የሽንት ፊኛንና የፊንጢጣን ሥራ የሚቆጣጠሩ ናቸው። ስለዚህ ደም አለመፍሰሱም ሆነ መራመዷ ሊያጽናናዎት አይገባም፤ ጥያቄው ሸንታለች ወይስ አልሸናችም የሚለው ነው።

ይህን ለማወቅ ከቤት እንዳትወጣ አድርገው በአንድ ክፍል ያቆዩአት፤ ጠፍጣፋ ሳፋ ላይ አሸዋ አድርገው ያስቀምጡላት፤ የምትተኛበትንም ነጭ ጨርቅ ያንጥፉላት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጨርቁ በጠብታ ከራሰ «እየሸናች ነው» ብሎ ይረጋጋል። ፊኛዋ ሞልቶ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሽንቱ በራሱ ጊዜ ሊንጠባጠብ ስለሚችል፣ አሸዋው ላይ ቁጢጥ ብላ በአንድ ጊዜ ካልሸናች ጠብታውን እንደ ጤንነት አይቁጠሩት። ካልሸናች ጊዜው የሚቆጠረው ከዛሬ ጠዋት ሳይሆን ከአደጋው ሰዓት ጀምሮ ነውና 24 ሰዓት እስኪሞላ አይጠብቁ። ፊኛዋን በእጅዎ ተጭነው ለማስሸናትም አይሞክሩ፤ ዘዴውን ሐኪም ካላሳየ ሊፈነዳ ይችላል።

ጅራቱ ሙሉ በሙሉ የዛለ ስለሆነ፣ ብትሸናም እንኳ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መታየት አለባት። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ ከንፈሯን ገልጠው ሲያዩ ድዷ የገረጣ፣ ወይም የኋላ እግሯን የምትጎትት ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ይነሡ። ጤነኛ ድመት ተኝታ ሳለች በደቂቃ እስከ 30 ጊዜ ያህል ትተነፍሳለች፤ ድዷን በጣት ጫን ብለው ሲለቁትም ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት።

መልስ፣ ከገላን

ስለ ክሊኒኩ አይሳቀቁ። ላም የሚያክም ሐኪምም የተማረው ስለ ሁሉም እንስሳት ነው፤ ነገር ግን ከመሄድዎ በፊት ደውለው ለድመት የሚሆን የሕመም ማስታገሻና ራጅ እንዳላቸው ይጠይቁ። ከሌላቸው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ላይ ስለሚገኝና የማስተማሪያ ሆስፒታልም ስላለው፣ ከቱሉ ዲምቱ ሲነሡ መሀል ከተማ ከመግባት ወደዚያ መውረዱ ሊቀልዎት ይችላል።

ስትይዟት ተጠንቀቁ፤ የታመመች ድመት ጌታዋንም ትነክሳለች። ታጥፎ የወፈረ ጋቢ ከላይ ጣል አድርጋችሁ ጠቅልላችሁ አንሷት፤ ከዚያም ጎኑ የተበሳ ካርቶን ውስጥ አስገቧት። ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ ባጃጅ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ የተለመደ ቢሆንም ለተጎዳ አከርካሪ አይሆንም። ምናልባት ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወደ ሰው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ያለ በመሆኑ፣ በተለይ ያልተከተበች ከሆነች፣ ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክፍል ውስጥ ዘግተንባት እስከ ቀትር አየናት፤ አሸዋውን ጫር ጫር አድርጋ ቁጢጥ ብትልም ምንም ሳይወጣት ተነሣች፤ የተኛችበት ጨርቅ ግን በሁለት ቦታ ረጥቧል። ክሊኒኩ ራጅ የለውም። ባለቤቴ መኪና ለምኖ አሁን ወደ ቢሾፍቱ ልንነሣ ነው። እዚያ ስንደርስ ምን ብለን እናስረዳ?

መልስ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከቢሾፍቱ

መልካም አድርጋችኋል። አደጋው የደረሰበትን ሰዓት፣ ጅራቷን በራሷ ጎትታ ማውጣቷን፣ ለመሽናት ሞክራ አለመቻሏን ንገሯቸው። ስንት ኪሎ እንደሆነች ካላወቃችሁ አንዳችሁ ካርቶኑን ይዛችሁ ሚዛን ላይ ውጡና የራሳችሁንና የካርቶኑን ቀንሱ፤ መድኃኒቱ የሚሰፈረው በክብደቷ ነው። ሐኪሙ ጅራቷን ከመነሻው ቆንጠጥ ሲያደርግ የሚሰማት ከሆነ የመዳን ተስፋዋ ጥሩ ነው። ካልተሰማትም ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ነርቭ ለማገገም ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ እስከዚያው ፊኛዋን በእጅ ማስሸናቱን ቤት ሆናችሁ እንድትሠሩት በዓይናችሁ ፊት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።