ላፕቶፕ ላይ ለራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ የገነባሁት ፕሮግራም «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይቆማል

የሱሉልታው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ሱሉልታ ወተት ትሰበስባለች። ሌሊት መብራት ጠፍቶ የማቀዝቀዣው ታንክ ሲሞቅ ስልኳ ላይ መልእክት የሚልክላት ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፍኩላት። የሚሠራው ፓይ ዜሮ ደብልዩ በምትባል፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽዬ ኮምፒውተር ላይ ነው። እዚያው ላይ ኮምፓይል ማድረግ (ኮዱን ቺፑ ወደሚገባው ቋንቋ መለወጥ) አቃተኝ፤ አንድ ኮርና 512 ሜጋባይት ራም ስለሆነች አንድ መስመር ቀይሬ እስኪያልቅ አቦሉ ተጠጥቶ በረካው ይደርሳል።

ስለዚህ ኡቡንቱ 22.04 ያለው ላፕቶፔ ላይ አርምኤችኤፍ የሚለውን ክሮስ ኮምፓይለር፣ ማለትም ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ለአርም ቺፖች የሚገነባውን፣ ጫንኩ። መጀመሪያ ፓይዋ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» አለችኝ፤ ጂሊብሲ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የሲ ላይብረሪ ነው። ላይብረሪውን ፕሮግራሙ ውስጥ አካትቼ ስታቲክ ሳደርገው ደግሞ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን»፣ ቺፑ የማያውቀው ትእዛዝ ማለት ነው። የቺፑን ዓይነት የሚወስነውን ማርች የሚለውን አማራጭ አርም-ቪ6 አደረግኩት፣ ተምብ የሚባለውን አጭር የትእዛዝ ስብስብ ዘጋሁ፣ ኤፍፒዩውን (የአስርዮሽ ስሌት ክፍሉን) ቪኤፍፒ አልኩት። ያው ነው። ሦስት ማታ ሄደብኝ። ምን ቀረኝ?

ከቆዬ ፈጬ፦
ወንድሜ፣ ኮድህ ጤነኛ ነው። ሪድኤልፍን (የተገነባ ፋይል ለየትኛው ቺፕ እንደሆነ የሚያሳየውን መሣሪያ) በትልቁ ኤ አማራጭ ፕሮግራምህ ላይ አስኪደው፤ የሲፒዩ አርክ የሚለው መስመር ቪ7 ካለ ነገሩ እሱ ነው።

የፓይ ዜሮ ቺፕ በ2012 የወጣችው የመጀመሪያዋ ፓይ ላይ ያለው ቢሲኤም2835 ነው፤ አርም-ቪ6 ማለት ነው። የዴብያንና የኡቡንቱ አርምኤችኤፍ ግን ከቪ7 ይጀምራል። ራስፕቢያን፣ ለፓይ የተሠራው ዴብያን፣ ለብቻው እንደ አዲስ የተገነባው ለዚህ ነበር። ሁለቱም አርምኤችኤፍ መባላቸው ብዙ ሰው አሳስቷል፣ እኔንም ጭምር።

አንተ የሰጠሃቸው አማራጮች የሚገዙት አንተ የጻፍከውን ብቻ ነው። ሜይን ከመጠራቱ በፊት የሚሠራው መነሻ ኮድ፣ የኮምፓይለሩ የጂሲሲ ረዳት ላይብረሪ ሊብጂሲሲ፣ ስታቲክ ስታደርግ ደግሞ ጂሊብሲ ራሱ፣ በቪ7 ተሠርተው ከኮምፓይለሩ ጋር የመጡ ናቸው። እርሾው ከተበላሸ ዱቄቱን ብታጠራው ሊጡ አይድንም።

ክሮስ ኮምፓይለር በሚገነባው ክሮስቱል-ኤንጂ በሚባለው መሣሪያ ቱልቼይኑን (ኮምፓይለሩን ከነላይብረሪዎቹ) ራስህ ገንባው። አርክቴክቸሩን አርም-ቪ6፣ ኤፍፒዩውን ቪኤፍፒ፣ ፍሎቲንግ ፖይንቱን ሃርድ በል። ጂሊብሲውን ፓይዋ ላይ ካለው አታስበልጥ፤ ዴብያን 11 ከሆነች 2.31 ነው። በአሮጌው የተገነባ አዲሱ ላይ ይሠራል፣ በአዲሱ የተገነባ ግን አሮጌው ላይ አይሠራም። ጂሲሲውንም ከእሷ እኩል 10 አድርገው፤ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪው ተመሳሳይ ጣጣ አለው።

ቡራዩ ነኝ፦
እህታችሁ ደግሞ ስለ መብራቱ ልጨምር። የላፕቶፕህ ባትሪ እንደ እኔው ከደከመ፣ ከመጀመርህ በፊት የክሮስቱል-ኤንጂ ሜኑ ውስጥ መካከለኛ ደረጃዎችን አስቀምጥ የሚለውን አብራው። የግንባታው ቅደም ተከተል ቢንዩቲልስ (አሴምብለሩና ሊንከሩ)፣ የመጀመሪያው ጂሲሲ፣ ጂሊብሲ፣ ከዚያ ሙሉው ጂሲሲ ነው። ጂሊብሲ ላይ ሳለህ መብራት ቢሄድ ከዚያው ትቀጥላለህ። ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አጥቻለሁ፣ ዛሬም ይቆጨኛል። በክሮስቱል-ኤንጂው «ሶርስ» በሚለው ትእዛዝም ፋይሎቹን ብቻ ቀድመህ አውርድ፤ የሌሊት ጥቅል ገዝተህ ታወርዳቸዋለህ፣ ቀን ያለ ኢንተርኔት ትገነባለህ።

ፓይዋ ላይ ያሉ ሌሎች ላይብረሪዎች ከፈለግክ አርሲንክ በሚባለው የመገልበጫ መሣሪያ ገልብጠህ ሲስሩት (ኮምፓይለሩ የፓይዋን ላይብረሪዎች የሚፈልግበት ማውጫ) አድርጋቸው። ሲምቦሊክ ሊንኮቹን (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁሙትን) ግን እያቸው፤ አድራሻቸው ከሩት (ከ«/») ከጀመረ የሚወስዱህ ወደ ላፕቶፕህ ፋይሎች ነው።

የሱሉልታው፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ሪድኤልፉ እንዳላችሁት ቪ7 አለ። ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፣ ሁለቴም ካቆመበት ቀጠልኩ። አሁን ቪ6 ይላል፤ ስታቲክ ሳላደርገውም ይሠራል። ትናንት ማታ ሴንሰሩን በእጄ ጨብጬ አሞቅኩት፣ ጓዳ ያለው የአክስቴ ስልክ ጮኸ።

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ፓይዋን ወደ ዴብያን 12 ባሳድጋት፣ ፕሮግራሙን እንደገና መገንባት አለብኝ?

ከቆዬ ፈጬ፦
የለብህም። እዚያ ያለው ጂሊብሲ 2.36 ነው፤ በ2.31 የገነባኸው ይሠራበታል። አክስትህን ሰላም በልልን።