ለነብር ጥበቃ የምናቀርበው የጋራ ዕቅድ፦ በረቂቁ ላይ የአባላት ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ላሉት ቀበሌዎች ያዘጋጀሁትን ረቂቅ ለውይይት አቅርቤአለሁ። ረቂቁ በትምህርት ቤቶች ስለ አንበሳ፣ ስለ ነብርና ስለ አቦ ሸማኔ ማስተማርን፣ በመንገድ ዳር ሰሌዳ መትከልን፣ በግና ፍየል ለተበላበት ገበሬም ካሳ መክፈልን ይዟል። ለሰሌዳው ከበጀቱ ግማሽ ያህሉን መድቤአለሁ። ሐሳባችሁን እጠብቃለሁ።

የመካነ ሰላሙ አባል፦
ጸሐፊያችን ስለ ድካምህ እናመሰግናለን፤ ሆኖም ርእሱ ይጥበብ እላለሁ። እኛ ደጋ ላይ የሚኖረው ነብር ነው። አቦ ሸማኔ የሜዳና የቆላ አውሬ በመሆኑ ስሙን መጨመራችን ገንዘብ ሰጪውን ደስ ያሰኝ ይሆናል እንጂ በፓርኩ ውስጥ ላለው፣ ደንቆሮ ለሚባለው ጫካ አዋሳኝ ገበሬ የሚነግረው ነገር የለም። ነብሩንም ቢሆን በቅጡ ለይተን አናውቀውም፤ ቀበሮ የወሰደውን ግልገል ሁሉ በእርሱ ላይ እየጫንን ስንወቅሰው ኖረናል። ስለ ሰሌዳው ብዙ አልልም፦ አውሬው አያነበውም፣ እረኛውም አያነበውም።

የአጅባሯ አባል፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ ከራሴ ደጅ ልነሳ። ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረበት ዕለት፣ ነብር ጉረኖዬ ገብቶ ሁለት በጎች ገደለብኝ፤ አንዷን ይዞ ሄደ፣ ሌላዋን እዚያው ትቷት ነበር። ሲነጋ ባየው በድንጋዩ ካብና በሣር ክዳኑ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም፤ ከላይኛው ድንጋይ ላይ ግን ቢጫማ ጸጉር ተጣብቆ አገኘሁ። ጎረቤቶቼ በቀረችው በግ ሥጋ ላይ መርዝ አድርገን እንጠብቀው ብለው መከሩኝ። እምቢ አልኩ፤ ለነብሩ አዝኜ ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ሥጋ የሰፈራችን ውሻ፣ ጅቡና ጥንብ አንሳውም እንደሚቀምሱት ስለማውቅ ነው። ያን ቀን ካሳ ቢሰጠኝ ኖሮ ተቀብዬ በግ እገዛ ነበር፤ የገዛኋትም በግ በዚያው ክፍተት ሥር ታድር ነበር። ስለዚህ የሰሌዳው ገንዘብ በሙሉ ለጉረኖ ይዙር፤ ካቡ ከፍ ይበል፣ ክፍተቱ በሽቦ መረብ ይዘጋ፣ በሩም ከጣውላ ይሠራ። በታንዛኒያ የማሳይ አርብቶ አደሮች የሚጸድቅ እንጨት ተክለው በላዩ ሽቦ በመወጠር በረታቸውን እንደሚያጥሩ ይታወቃል፤ እንጨቱ ሥር ሰዶ ስለሚያድግ እንደ ደረቅ አጥር በየዓመቱ አይታደስም።

የደሴው የእንስሳት ሐኪም፦
ከእህታችን ጋር እስማማለሁ፤ ካሳውን ግን ጨርሰን አንሰርዘው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ በአምቦሴሊ አጠገብ በተጀመረው አሠራር፣ ከብቱ በደካማ በረት ሳለ ወይም ጫካ ጠፍቶ ከተበላ ባለቤቱ የሚያገኘው ክፍያ ይቀንሳል፤ ይህም በረትን ማጠንከርን ከካሳው ጋር ያስተሳስረዋል። የገደለው ማን እንደሆነ ለማረጋገጥም ቀላል ምልክቶች አሉ። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ ዱካው ላይ የጥፍር ምልክት አይታይም፤ የጅብና የውሻ ዱካ ግን ያሳያል። አንገት ሥር የጥርስ ቀዳዳ ካለም ነብርን መጠርጠር ተገቢ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ጠባቂ ውሻ እናብዛ የሚል ሐሳብ ከመጣ ክትባቱ አብሮ በዕቅዱ ይግባ፤ የውሻ እብደት በሽታ በዚያው ተራራ ላይ ወደሚኖረው ቀይ ቀበሮ ይሻገራልና።

የመካነ ሰላሙ አባል፦
ካሳው በቅሬ በኩል ይከፈል የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ አባላት ሰምቻለሁ። ይህን አልደግፍም። የቅሬ ገንዘብ ለቀብርና ለሐዘንተኛ የተዋጣ ነው፤ ከበግ ጉዳይ ጋር አይቀላቀል። ሽማግሌዎቹ ግን ዱካውን አይተው ቢመሰክሩ ቃላቸውን የሚጠራጠር አይኖርም፤ ሸሁም ቄሱም እዚያው ናቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ረቂቁን በዚሁ መሠረት አስተካክዬዋለሁ። ርእሱ ስለ ነብር ብቻ ሆኗል፤ ሰሌዳው ወጥቶ ገንዘቡ ወደ ጉረኖ ዞሯል። በመግቢያው ላይ ነብር እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለአደጋ ተጋላጭ ተብሎ መመደቡን፣ ያለ ፈቃድ ማደንም በሕግ የተከለከለ መሆኑን በአንዲት አንቀጽ አስገብቻለሁ። የካሳው አንቀጽ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ጉረኖውን በማኅበሩ ልክ መሠረት ያጠናከረ አባል በነብር ለተገደለበት በግ ወይም ፍየል፣ ሦስት የቅሬ ሽማግሌዎች በሁለት ቀን ውስጥ ዱካውንና ቁስሉን አይተው ካረጋገጡ፣ ከገበያው ዋጋ ግማሹ ይከፈለዋል፤ መርዝ ያኖረ ሰው ግን ከማኅበሩ ምንም አይቀበልም።»

የአጅባሯ አባል፦
«በሁለት ቀን» የሚለው «በማግስቱ» ይባል። በክረምት ዱካ ሁለት ቀን አይቆይም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተስተካክሏል።