«ለዕቁብ ይበቃል» ያልከው ሰውዬ፣ ና እስኪ

ሸገር ዴቭ፦ ትናንት ማታ እዚሁ አንዱ የዕቁብ ዕጣ የሚያወጣ አፕ ሠራሁ ብሎ ኮዱን ለጠፈ። ስሞቹን የሚበውዘው በአንድ መስመር ጃቫስክሪፕት ነው፦ ሶርት (ዝርዝር በተራ የሚያስቀምጠው ትእዛዝ) ውስጥ ማት ራንደም (በ0 እና በ1 መካከል ያለ የዘፈቀደ ቁጥር) ሲቀነስ 0.5። ተው ሲሉት «ለዕቁብ ይበቃል» አለ። ይቺ ቃል ስትበላኝ አደረች። የሰው ብር እኮ ነው!

ባለ አፑ፦ እኔ ነኝ። ሎተሪ ድርጅት አልከፈትኩም። 12 ሰው ነን፣ የአንድ ቢሮ ልጆች። ስትነካው ስሞቹ ይደበላለቃሉ። ሌላ ምን ፈለጋችሁ?

ባለ ሳንቲም፦ መደበላለቅና እኩል ዕድል ማግኘት ይለያያል። ሶርት ሁለት ስም ይዞ «ማን ይቅደም?» ሲልህ አንተ ሳንቲም ትወረውርለታለህ። 3 ሰው ውሰድ። 6 ዓይነት ተራ አለ፣ እያንዳንዱ ከ6 አንድ ዕድል ሊኖረው ይገባል። ሳንቲም የሚሰጥህ ግን ግማሽ፣ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ ነው። ብትደምር ብትደምር አንድ ስድስተኛ አይመጣልህም። ኖድ (ጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) ላይ በ3 ስም 100 ሺህ ጊዜ አስኬድኩት። ከሲሶ በላይ ዝርዝሩ እንደገባ፣ ሳይነካ ወጣ።

የዕቁብ ጸሐፊ፦ እና? እኛ ጋ የመጀመሪያው ዕጣ የዳኛው ነው። ኮዱ ባህል አክባሪ ነው በሉት ሃሃሃ።

ሸገር ዴቭ፦ የት ሰፈር ነው እሱ? እኛ ጋ ዳኛም እንደ ሰው ዕጣውን ይጠብቃል።

የዕቁብ ጸሐፊ፦ ታዲያ ብር ለመልቀም ማን ይሯሯጥላችኋል? በነጻ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቀልዱን ተውት። እ.ኤ.አ. በ2010 ማይክሮሶፍት ለአውሮፓ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የብራውዘር መምረጫ ገጽ አወጣ። የአውሮፓ ኮሚሽን በገበያ ውድድር ጉዳይ ይዞት ነው። የበወዘው በዚሁ በሶርት ዘዴ ነበር። ገጹ በኤክስፕሎረር (በራሱ በማይክሮሶፍት ብራውዘር) ሲከፈት ራሱ ኤክስፕሎረር ግማሹን ጊዜ ከ5ቱ ብራውዘሮች መጨረሻ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ባለ አፑ፦ ለማይክሮሶፍት ከበቃ ለዕቁብ አይበቃም?

ሸገር ዴቭ፦ አልበቃውም! አስተካከለው እኮ። ፊሸርና ዬትስ የሚባሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1938 በወረቀትና በእርሳስ የጨረሱት ነገር ነው። ደርስተንፌልድ በ1964 ለኮምፒውተር አመቻቸው። ከመጨረሻው ስም ጀምር። ከእሱና ከፊቱ ካሉት አንዱን በዕጣ ምረጥ፣ ቦታ አለዋውጣቸው፣ አንድ ስም ወደ ዝርዝሩ መጀመሪያ ቅረብ፣ ድገም። አራት መስመር ነው። ለአራት መስመር ሰነፍክ?

ፓይተን ብቻ፦ እኛ ፓይተን የምንጽፍ ራንደም ሹፍል (የቋንቋው የራሱ መበወዣ) ብለን ተገላግለናል። ጃቫስክሪፕት እስከ ዛሬ የራሱ መበወዣ የለውም፣ ታዝናላችሁ።

ባለ ሳንቲም፦ ከሹፍል ውጤቱን ተቀበልኩ ብለህ ኖን («ምንም» ማለት) ሲመለስልህ ስንቴ አለቀስክ?

ፓይተን ብቻ፦ አንዴ። ተማሪ ሆኜ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ዲቪ ደርሷችኋል የተባሉ 22 ሺህ ያህል ሰዎች ዕጣው ተሰረዘባቸው። 90 በመቶው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሞሉ ሆነው ተገኙ። የፕሮግራም ስህተት ተባለና ሐምሌ ላይ እንደገና ወጣ። የአክስቴ ልጅ አንዱ ነበር። በግ ታርዶ ነበር።

የዕቁብ ጸሐፊ፦ እሱ ደግሞ ሶርት ነበር?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሶርት ነው አላልኩም። በጉ ግን ታርዷል።

ባለ አፑ፦ አሁን ከ12 ሰው ዕቁብ አሜሪካ ገባን። አምላኬ!

ባለ ሳንቲም፦ አንዲት ጥያቄ። ስሞቹ በምን ቅደም ተከተል ነው የገቡት?

ባለ አፑ፦ በፊደል ተራ።

ባለ ሳንቲም፦ ያንተ ስም በምን ይጀምራል?

ባለ አፑ፦ በሀ። ምን ያገናኘዋል?

ሸገር ዴቭ፦ ኧረ በስመ አብ!

የዕቁብ ጸሐፊ፦ ዳኛችን! የመጀመሪያውን ማን ወሰደው?

ባለ አፑ፦ የቤት ኪራይ ነበረብኝ። ዕጣ ነው የወጣልኝ፣ ሁሉም ሰው ስልኬን እያየ። እሑድ ሁለተኛው ነው፣ ከፈለጋችሁ ኑና እዩ።

ሸገር ዴቭ፦ እመጣለሁ። ወረቀትና ኮፍያ ይዤ።

ፓይተን ብቻ፦ የኖኑ ነገር ሁለቴ ነው። ባለፈው ወር ሥራ ላይም ደገመኝ።