ጠመንጃ ይዤ በእግር ስጓዝ የሚገዛኝ የትኛው ሕግ ነው?

ሰላም ወዳጆች፣ ግራ ገብቶኛልና እርዱኝ። አሜሪካ ውስጥ በአፓላቺያን የእግር መንገድ ለጥቂት ሳምንታት ልጓዝ ነው። ድንኳኑም ጫማውም ተዘጋጅቷል። ያልተፈታልኝ የጠመንጃዬ ነገር ነው። ረጅም ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ ሰው ሁሉ ያየዋል።

መንገዱ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 14 ስቴቶችን ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ መሣሪያ መያዝ የሚዳኘው ፓርኩ ባለበት ስቴት ሕግ ነው። መያዝና መተኮስ ግን ለየቅል ናቸው። እንደ ጎብኚዎች ማዕከል ያለ የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እስከዚህ ገብቶኛል።

የጨነቀኝ የስቴቶቹ ድንበር ነው። ኒው ጀርሲን ውሰዱ፤ ለረጅም ጠመንጃም የመሣሪያ ገዢ መታወቂያ ካርድ ትጠይቃለች። እኔ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ መሣሪያ ከሚፈቀድበት ቦታ ተነስቶ ወደሚፈቀድበት ለሚያልፍ መንገደኛ ከለላ ይሰጣል። ጠመንጃው ጥይት ያልጎረሰ፣ መሣሪያውም ጥይቱም በቀላሉ እጅ የማይገቡ መሆን አለባቸው። ግን ሕጉ የሚያወራው ስለ መኪና ነው። እኔ እግረኛ ነኝ፣ ጫካ ውስጥ አድራለሁ። ጠመንጃውን ፈታትቼ፣ መያዣው ውስጥ ቆልፌ፣ ጥይቱን ለብቻ ብሸከም ከለላው ይሠራልኛል? ወይስ ድንኳን ተክዬ ሳድር «ማለፍ» መሆኑ ይቀራል?

በዚህ ያለፈ ወይም ሕግ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ሳላውቅ ወንጀለኛ መሆን አልፈልግም። ትቼው ብሄድ ይሻላል የምትሉም ካላችሁ፣ ምክንያቱን አስረዱኝ።